ራሷን የምትጎዳው ልጄ ናት፤ ለምን ቤተሰቡ በሙሉ ኑ ተባልን?

የአቶቴ አባት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን አልጽፍም፣ ሀዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የሆነ ዘመድህ ጎረቤት ሆኖ ታገኘዋለህ።

የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል። ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ሹራብ ከላይዋ አይወርድም። በዚህ ሙቀት! እናቷ ወባ ይዟት ይሆናል፣ ብርድ ብርድ እያላት ነው ብላ አስመረመረቻት። ወባ የለም። በኋላ ልብስ ስታጥብ እጅጌዋን ሰብስባ እናቷ ድንገት ደረሰችባት። ክንዷ ላይ የዳነም ያልዳነም ቁስል አለ። ራሷ ነች ያደረገችው።

ሆስፒታል ወሰድናት። ያየቻት ባለሙያ እኛን አስወጥታ ከልጅቷ ጋር ለብቻ ብዙ አወራች። ከዛ መሞት ፈልጋ እንዳልሆነ፣ ግን በዝምታ የሚታለፍ ነገርም እንዳልሆነ ነገረችን። መድኃኒት አላዘዘችም። እስከዚህ ገብቶኛል። ያልገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሁላችሁም ኑ አለች። እኔ፣ እናቷ፣ የ11 ዓመት ወንድሟ፣ አብራን የምትኖረው እናቴም ጭምር። የቤተሰብ ቴራፒ ይባላል።

ታማሚዋ አንድ፣ ታካሚው አምስት? የኔንና የሚስቴን ጭቅጭቅ ልጆቹ ፊት ልንዘረግፍ ነው? ትንሹ ልጅ እኮ ምንም አያውቅም። እናቴ ደግሞ ይሄ የመንፈስ ነገር ነው፣ ጸሎት ነው የሚያስፈልጋት ብላ ቸርች ይዛት መሄድ ጀምራለች። የራሴ ሱቅ ነው የምሠራው፣ በሥራ ቀን መዝጋት ቀላል አይደለም፣ ግን የሚሠራ ነገር ከሆነ ዘግቼ እሄዳለሁ። ይሠራል ወይ? የሞከረ ሰው ካለ በቀጥታ ይንገረኝ። አይዞህ ብቻ እንዳትሉኝ።

የታቦር ልጅ

ወንድሜ በከንቱ ነው የምትጨነቀው። ቲክቶክ ላይ ያየችውን ነው። ስልኳን ቀማት፣ ይለቃታል። እኛን ማን ቴራፒ ወስዶን ነው ያደግነው?

ሲስተር ነኝ

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ ብዙውን ጊዜ ታዳጊዎች ናቸው ወደኔ የሚመጡት። ስልክ ቀማት ላልከው፦ አንዳንዴ ስልኩ ማለት ሌሊት የምታወራት አንዲት ጓደኛዋ ማለት ነው። ምን እንደምታይ አብሮ ማየት ከመቀማት ይሻላል። ትኩረት ፈልጋ ነው የሚባለውም አያስኬድም፣ ትኩረት የፈለገ ሰው በሀዋሳ ሙቀት ሹራብ ለብሶ አይደብቅም። አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ውስጣቸው የተጠራቀመውን ለትንሽ ጊዜ የሚያበርድላቸው ነገር ሆኖ እንዳገኙት ነው። ችግሩ ማብረዱ አይቆይም፣ ቀጥሎ እፍረቱ ይመጣል፣ እፍረቱ ደግሞ መልሶ ወደዛው ይወስዳል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ይሠራል ወይ? እንግሊዝ አገር በዚሁ ጉዳይ ላይ ትልቅ ጥናት ተሠርቷል፣ ሺፍት ይባላል። የመሩት የሊድስ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዴቪድ ኮትሬል ናቸው፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን የጎዱ 832 ልጆች ነበሩበት። ግማሾቹ የቤተሰብ ቴራፒ አገኙ፣ ግማሾቹ በየአካባቢያቸው የተለመደውን ሕክምና። በ18 ወር ውስጥ እንደገና ራሳቸውን ጎድተው ሆስፒታል የመጡት ከቤተሰብ ቴራፒው ወገን 28 ከመቶ፣ ከሌላው ወገን 25 ከመቶ ሆኑ። የሚያበላልጥ ልዩነት አይደለም። ስለዚህ ሂድ፣ በስድስት ወር ውስጥ ትተወዋለች ብዬ አልዋሽህም።

ግን ይሄን አንብበህ ሱቅህ ውስጥ ቁጭ እንዳትል። እዛ አገር የተለመደው ሕክምና ማለት ባዶ እጅ መመለስ አይደለም። ልጁን ባለሙያ ይዞ ይከታተለዋል፣ ብዙ ጊዜ ወላጆቹንም ያነጋግራል። ቴራፒው የተወዳደረው ከደህና ክትትል ጋር ነው። እኛ ጋ የቤተሰቡ ቀጠሮ ከቀረ ብዙ ጊዜ የሚተካው ነገር የለም። ደግሞ በዛው ጥናት የስሜትና የባህሪ ችግር ሲለካ የቤተሰብ ቴራፒ ያገኙት የተሻለ ነገር አሳይተዋል። ቁስሉን ቀጥ አድርጎ ላያቆም ይችላል፣ ቤት ውስጥ ያለውን አየር ግን ሊለውጥ ይችላል።

ምን እንደሚሠራ ላሳይህ። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፣ ከብዙዎቹ የቀላቀልኩት ነው። ባለሙያዋ ታናሽ ወንድሟን ትጠይቀዋለች፦ እህትህ ክፍሏን ዘግታ ስትቀመጥ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ማነው? ልጁ "አባባ፣ ግን እየጮኸ ነው" ይላል። አባባ ሲጮህ እማማስ? "ወጥ ቤት ትገባለች።" እማማ ወጥ ቤት ስትገባ አያትየውስ? "አባባን ትቆጣዋለች።" ከዛ እህትህስ? ልጁ ትንሽ ያስብና "የኛን ጭቅጭቅ ስለምትሰማ አትወጣም" ይላል። አየህ፣ ማንም አልተከሰሰም። እናንተ ለወራት ያላያችሁትን ዙር የ11 ዓመት ልጅ በአራት ዓረፍተ ነገር ዘረዘረው። ከዛ በኋላ ሥራው ከዙሩ አንድ ቦታ ላይ አንድ ትንሽ ነገር መቀየር ነው። አባት ሳይጮህ አንኳኩቶ "ከበር ውጪ ነኝ፣ ስትፈልጊ ክፈቺ" ብሎ መሄድ ሊሆን ይችላል። ቀላል ይመስላል፣ ለሚጨነቅ አባት ግን ከባድ ነው።

ትንሹ ምንም አያውቅም ያልከውን ተወው፣ ያውቃል። ምን ያህል እንደሚነገረው ግን አስቀድማችሁ ከልጅቷና ከባለሙያዋ ጋር ትስማማላችሁ። የባልና ሚስት ጉዳያችሁንም ማንም አያስዘረግፋችሁም። ይሄን ለብቻችን ብንነጋገር ይሻላል ማለት ትችላላችሁ፣ ደግሞም ይሰጣችኋል። በሺፍት ጥናት ላይ አንዱ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ነበር፣ ስምንት ገደማ ክፍለ ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ። መጀመሪያ ላይ ተቀራርቦ ነው፣ በኋላ በወር አንዴ ይሆናል። በየሳምንቱ ሱቅ ዝጋ አይባልም።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም፣ ለአንተ ሳይሆን ይሄን ለሚያነብ ሁሉ ነው። ቤት ውስጥ ልጅቷን የሚደበድብ ወይም በጾታ የሚተናኮል ሰው ካለ፣ እሱን ከሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ቴራፒ የሚባል ነገር የለም። ቅድሚያ ደህንነቷ ነው። ባለሙያዋ እናንተን አስወጥታ ያወራቻትም አንዱ ለዚህ ነው።

እስከ ቀጠሮው ድረስ፦ ቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ቆልፉ፣ የእማማን የደም ግፊት ክኒን ጨምሮ። ክንድሽን አሳዪኝ እያላችሁ በየቀኑ አትፈትሿት። አዲስ ቁስል ካያችሁ ሳትጮኹ እጠቡት፣ ሸፍኑት፣ ጥልቅ ከሆነ ጤና ተቋም ውሰዷት። መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅም ሐሳቡን አይጨምርባትም። ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። አዎ ካለች ወይም ነገሩ ከከፋ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ብቻዋን ሳትተዉ የዛኑ ቀን ይዛችኋት ሂዱ። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል 907 አለ።

ያለፈበት

ጋሼ፣ እኔ ልጅዎን ሆኜ ነው የምጽፍልዎት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን አስጠላኝ። እውነቱን ነው የምነግርዎት። አባቴ በሩ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቁልፍ መያዣውን ሲያሽከረክር ነበር፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ ከመግባታችን ጀምሮ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ስለራሴ ልናገር ሄጄ እሷን ሳባብል ወጣሁ። ቤት ስንደርስ ሁለተኛ አልሄድም አልኩ። ባለሙያዋ ይሄን ስትሰማ ለሚቀጥለው ደንብ አወጣች፦ ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፣ ማባበል ግን የልጅቷ ሥራ አይደለም፣ ባልሽ አጠገብሽ አለ አለቻት እናቴን። አባቴ ያኔ ነው ወንበሩን ወደ እናቴ ያስጠጋው። ከዛ በኋላ ነው መናገር የጀመርኩት።

እኔን የጠቀመኝ ትልቅ ንግግር አይደለም። አንድ ምልክት ነው። ከብዶኝ ለመናገር ሲያቅተኝ ነጠላ ጫማዬን እናቴ መኝታ ቤት በር ላይ አስቀምጣለሁ። ትርጉሙ "ዛሬ ጥሩ አይደለሁም፣ ምንም አትጠይቂኝ፣ ግን አጠገቤ ሁኚ" ነው። እናቴ ትመጣለች፣ ጥራጥሬዋን በሰፌድ ይዛ እየለቀመች አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ምንም አትልም። አንዳንዴ እኔም መልቀም እጀምራለሁ። ይሄን ምልክት የፈጠርነው እዛ ክፍል ውስጥ ነው፣ አምስታችንም ቁጭ ብለን። ሐሳቡ የታናሽ እህቴ ነበር።

ወዲያው አላቆምኩም። ማትሪክ ሲደርስ ተመልሶ ነበር። ያኔ አባቴ "ይሄ ሁሉ ተለፍቶ?" ቢለኝ ኖሮ የምመለስ አይመስለኝም። "በሩ ላይ ጫማ አላየሁም፣ ምን እናድርግ?" ነው ያለኝ። እርስዎም ከወራት በኋላ እንደገና ቢያዩ ሁሉም ነገር ከንቱ ሆነ እንዳይሉ ብዬ ነው።

ማርሻ ሊንሃን የምትባል አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት አለች፣ ከባድ ስሜትን መቋቋም የሚያለማምደውን፣ ዲቢቲ የሚባለውን ሕክምና የፈጠረችው። በወጣትነቷ ራሷን ትጎዳ ነበር፣ በ17 ዓመቷ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ይሄን በአደባባይ የተናገረችው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ሳነበው በዛ ዕድሜዬ ያስደሰተኝን ያህል የትኛውም ምክር አላስደሰተኝም። ልጅዎት ካነበበች ያሳዩዋት።

እናት ከአዳማ

ሁሉም ጋ እንዲህ አምሮ አይሄድም፣ እኔም የኔን ልናገር። ወንድ ልጄ ነው የኔ፣ ያኔ 16 ነበር። እዚህ አዳማ አንድ ቦታ ሄድን፣ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ሰበሰበን፣ አንድ ጥያቄ ለልጁ ሳይጠይቅ እኔን አስወራኝ፣ ከዛ ወደ ልጁ ዞሮ "እናትህን እንዲህ ታስለቅሳታለህ? በል ተነሳና ጉልበቷን ሳም" አለው። ልጄ ተነሳ፣ ጉልበቴን ሳመ። ከዛን ቀን ጀምሮ ለወራት አላናገረኝም። ያ ሽምግልና ነው፣ ቴራፒ አይደለም። ሽምግልና ለርስትና ለባልና ሚስት ጠብ ጥሩ ነው፣ ታናሹ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይመረቃል፣ ያልቃል። እዚህ ግን ልጁ ማንንም አልበደለም እኮ!

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት ጠይቅ። በዚህ ላይ ሥልጠና አለሽ ወይ? ልጅቷን በየመሀሉ ለብቻ ታነጋግሪያታለሽ ወይ? እሷ የነገረችሽን ምኑን ነው ለኛ የምትነግሪን፣ ምኑን ነው የማትነግሪን? የኔ ልጅ በኋላ ሌላ ባለሙያ ብቻውን አየው፣ እኔ ደግሞ ለብቻዬ ሄድኩ። አንድም ቀን አንድ ክፍል አልተቀመጥንም። አሁን ደህና ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ካልተሰበሰበ አይሆንም የሚሉትን አልቀበልም።

ሲስተር ነኝ

እናት ከአዳማ፣ ጥያቄዎችሽ ልክ ናቸው፣ እኔም በዛው እስማማለሁ። ጉልበት ማሳሙ በጣም ያሳዝናል፣ ግን የሚሆን ነገር ነው። ሰብስቦ መምከር ሁሉ በዚህ ስም እየተጠራ ነው።

ቤተሰቡ የሚገባበት መንገድም አንድ ብቻ አይደለም። ያለፈበት የጠራችው ዲቢቲ ለታዳጊዎች ሲሰጥ ልጁ የራሱ ባለሙያ አለው፣ ወላጅና ልጅ ደግሞ አንድ ላይ ስሜት ሲገነፍል ምን እንደሚደረግ ይለማመዳሉ። ኦስሎ ላይ በ77 ታዳጊዎች ተጠንቷል፣ ግማሽ ያህሉ ይሄን ለ19 ሳምንት አገኙ፣ የቀሩት ሌላ ሕክምና። በፈረንጆቹ 2014 በወጣው ውጤት ዲቢቲ ያገኙት ራሳቸውን መጉዳታቸው ከሌሎቹ የበለጠ ቀንሷል። የእንግሊዝ የ2022 መመሪያም ደጋግመው ራሳቸውን ለሚጎዱና ስሜታቸው ለሚዋዥቅ ልጆች ይሄን ነው የሚጠቅሰው። ሙሉውን የሚሰጥ ቦታ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፣ ግን ከፊሉን የሚያውቅ ባለሙያ ካገኛችሁ ጠይቁት።

ከከተማ ውጪ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ጤና ጣቢያ ላይ ኤምኤች ጋፕ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ፣ ራስን መጉዳት ከሥልጠናው ክፍሎች አንዱ ነው። እዛ ጀምሩ፣ ወደ ሪፈራል የሚላክ ከሆነ እነሱ ይልካሉ።

የወጣቶች አገልጋይ

ስለ እናትህ ነው የምጽፈው። ቸርች የወጣቶች አገልጋይ ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ። እማማን አትጋፋቸው። ይጸልዩ። ልጅቷም መጸለይ ከፈለገች ትጸልይ። ግን ሁለት ነገር አጥብቀህ ንገራቸው። አንደኛ፣ ልጅቷን መድረክ ላይ አታውጧት። ማይክ ይዞ "ራሷን የምትቆርጥ እህት አለች" የሚል ሰው ገጥሞኛል፣ በማግስቱ ትምህርት ቤቷ ሁሉ ሰማ። መጸለይ የሚፈልግ ቤት መጥቶ በዝግታ ይጸልይ። ሁለተኛ፣ ክፉ መንፈስ አለብሽ አይበሏት። ልጅ ያን ሰምታ የምትረዳው ነገር "እኔ ክፉ ነኝ" የሚለውን ነው። እማማ ቀጠሮው ላይ እንዲገኙ ማድረጉ ጥሩ ነው፣ ከባለሙያ አፍ ሲሰሙት ከልጃቸው አፍ ከሰሙት ይልቅ ይቀበላሉ።

የታቦር ልጅ

ሲስተር የስልኩን ገብቶኛል። ግን ሌሊት ሙሉ ስልክ ላይ ስታድር ዝም ይባላል?

ሲስተር ነኝ

አይባልም። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ያባብሰዋል። ግን ደንቡ ለቤቱ ሁሉ ይሁን፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የሁሉም ስልክ ሳሎን ይደር፣ የአባትየውም ጭምር። የሷ ብቻ ከተቀማ ቅጣት ነው።

የአቶቴ አባት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ28 እና የ25ቱ ነገር መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፣ በኋላ ግን ያልተጋነነ ነገር ስለነገርሽኝ ነው የቀረውንም ያመንኩት። እሄዳለሁ። ሱቁን ወንድሜ ይይዝልኛል።

ልጄን ማን እንዲመጣ ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። እንደዚህ ጠይቄያት አላውቅም መሰለኝ፣ ደነገጠች። "አያቴ ትምጣ፣ ትንሹ ግን ለአሁኑ አይምጣ" አለች። እኔ እማ የማትፈልገው ሰው እናቴ ትሆናለች ብዬ ነበር።

ሌላ ችግር መጣ። እናቴ አማርኛ አይቀናትም፣ ሲዳምኛ ነው የምትናገረው። እቤት የምታስተረጉምላት ልጄ ናት። ምን ይሻላል?

ሲስተር ነኝ

ልጅቷ እንዳታስተረጉም። ስለ ራሷ ቁስል አያቷ የሚሉትን በራሷ አፍ እንድትናገር ማድረግ ይሆናል። ደግሞ እማማን ላለማሳዘን ብላ ቃሉን ታለዝባለች፣ አንተም ብታስተረጉም ያው ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ ደውለህ አሁኑኑ ንገራት፣ ሀዋሳ ላይ ሲዳምኛ የሚናገር የሥራ ባልደረባ ማግኘት አያስቸግራትም፣ ግን ቀድሞ ካልተነገራት የዛን ቀን ፍለጋ ላይ ሰዓቱ ያልቃል። የሚያስተረጉመው ሰው ሰፈራችሁን የማያውቅ እንዲሆን ጠይቅ። ትንሹ እንደማይመጣም አብረህ ንገራት፣ ልጅቷ ራሷ እንዳለችው አድርገህ።

የአቶቴ አባት (ጠያቂ)

ካርዱ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ነገ ጠዋት እደውላለሁ፣ ያለችኝን እዚሁ እጽፋለሁ።